አረንጓዴው ኦሪን

ኦሪን ስታድሃይም የትምህርት ቤት አውቶብስ መካኒክ ነበር። ግዙፍ፣ ዝግ ያለ፣ ሲቀለድበት ከሁሉም ቀድሞ የሚስቅ ሰው። እሱና ባለቤቱ ማርሊስ ከኔ ቤት ቀጥሎ ባለው ቢጫ ቤት ይኖሩ ስለነበር የማወራችሁን ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የቀረውን ማርሊስና ጓደኛው ካል ነግረውኛል።

እኛ ዘንድ፣ ሰሜን ሚኒሶታ፣ የቶርሰን ሐይቅ በብርድ ድንጋይ ሲሆን ወንዱ ሁሉ መኪናውን በላዩ ነድቶ ይገባል። የእንጨት ጎጆውን ያቆማል፣ ምድጃ ያቀጣጥላል፣ በረዶውን ሰርስሮ መንጠቆውን ይጥላል። ዓሣው ሰበብ ነው። ዋናው ጨዋታው ነው፤ ቢራው፣ ካርታው፣ መተራረቡ። ኦሪን፣ ዱዌን ሩድና ካል ኒስትሮም ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ጎጆአቸውን አጠጋግተው የሚያቆሙ ባልንጀሮች ነበሩ። ዱዌን ሐይቁ ዳር የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ አለው፤ እሱ ከሳቀ ሁሉም ይስቃል፣ እሱ ዝም ካለ ወሬው እዚያው ይሞታል። ካል የማሞቂያ ጋዝ በመኪና እያዞረ የሚያከፋፍል ቀጭን ሰው ነው። ሰው ማስቀየም አይሆንለትም። ከኦሪን ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው የተማሩ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ዱዌን «የሐይቁ ልጆች» ብሎ ግሩፕ ከፈተ። ዓሣው ዛሬ በየት በኩል እንደሚያዝ፣ በረዶው ምን ያህል እንደወፈረ፣ ቢራው የማን ተራ እንደሆነ ይጻጻፉበታል። ሁሉም አይፎን ነው የያዙት፤ አንድሮይድ የያዘው ኦሪን ብቻ ነው። ያኔ ሁለቱ ስልኮች ገና አልተስማሙም ነበር። አይፎን ለአይፎን ሲጻጻፍ መልእክቱ ሰማያዊ ነው፣ ፎቶው ጥርት ያለ ነው፣ አንዱ በሌላው ቀልድ ከሳቀም ጠርዙ ላይ ትንሽ ምልክት ብቻ ትለጠፋለች። መሀላቸው አንድ አንድሮይድ ከገባ ግን ያ ሁሉ ሰማያዊ አረንጓዴ ይሆናል። ቪዲዮው ይጨማለቃል። ያቺ ምልክት ደግሞ ለኦሪን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆና ነው የምትደርሰው፤ ዱዌን በዚህ በዚህ ሳቀ፣ ካል ይህን ይህን ወደደ፣ እያለች።

«ዱዌን ምን ነካው?» ይል ነበር ኦሪን ለማርሊስ። «በሳቀ ቁጥር መሳቁን በጽሑፍ ያሳውቀኛል።»

ሰውየው ራሱ እየጻፈ የሚልክለት መስሎት ከርሟል።

አንድ ዓርብ ምሽት ዱዌን ሐይቁ ዳር ያለው ባር ውስጥ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቆመ። በዚያ ሳምንት ክንዱን የሚያህል ዓሣ አውጥቶ ነበር።

«የዕድሜዬን ዓሣ አወጣሁ» አለ። «በቪዲዮ ቀረጽኩት። ላክሁ። እዩት እስቲ ምን እንደሚመስል! የተቀቀለ ድንች ይዤ የምጨፍር ነው የምመስለው። በማን ምክንያት?»

«በአረንጓዴው!» አለ አንዱ ከጥግ።

ባሩ በሳቅ ፈረሰ። ኦሪንም ሳቀ። ስሙ በዚያው ቀረ። ሲገባ «አረንጓዴው መጣ»፣ ሲወጣ «አረንጓዴው ሄደ»። ነዳጅ ማደያ ያለችው ልጅ ሳይቀር ትጠራው ጀመር።

ከዚያ ዱዌን ሌላ ግሩፕ ከፈተ፤ ኦሪን የሌለበት። ለሌሎቹ ሳይነግሩት ዝም ማለቱ ይሻላቸው ነበር፤ ዱዌን ግን እዚያው ባሩ ውስጥ ሰው ፊት ነገረው።

«አትቀየም ወንድሜ፤ አንተን እኮ አይደለም ያስወጣነው፣ ስልክህን ነው።»

«ምን ቸገረኝ» አለ ኦሪን።

«ምንም አያመልጥህም። ካል ሁሉን ይነግርሃል። አይደል ካል?»

«እነግረዋለሁ» አለ ካል።

ለጥቂት ሳምንት ነገረው። ቀስ በቀስ ዘነጋ። ሲያገኘው «ውይ፣ አልነገርኩህም?» ይለዋል። ከዚያ ያንንም ተወው። ማርሊስ ገበያ ውስጥ ከካል ሚስት ጋር ተገናኝታ «ቅዳሜ ዱዌን ቤት ለምን ቀራችሁ? ዓሣ ተጠብሶ፣ አገር ተሰብስቦ!» ስትባል ነው የሰማችው። ቤት መጥታ ለኦሪን ነገረችው።

«ስልክ ነው ነገሩ» አለ ኦሪን።

«እንግዲያስ ቀይረዋ።»

«ይደውላል፣ ይቀበላል። የሚሠራ ዕቃ አውጥቼ አልጥልም።»

«ስለ ስልኩ እኮ አይደለም የማወራው።»

«እኔም ስለ ስልኩ አይደለም» አለ፤ ሹካውን አስቀምጦ። «አብሬያቸው ነው ያደግሁት ማርሊስ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ፣ ከነሱ ጋር ለመቀመጥ መግቢያ ልግዛ?»



የገና በዓል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ካል በዱዌን ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ሳለ ዱዌን «ስልክህን አውጣ፤ የምልህን ጻፍ» አለው። ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች ከበው እየሳቁ ነው። ካል ለኦሪን ጻፈ። «ምሥራቁ ጫፍ ላይ ዓሣው አብዷል። ሁላችንም እየሄድን ነው። ጎጆህን ይዘህ ድረስ። የምሬን ነው።»

ምሥራቁ ጫፍ ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ነው። ነፋሱ ፊት ይልጣል፤ እዚያ ሄዶ የሚያጠምድ ሰው አይቼ አላውቅም። ኦሪን ግን አላመነታም።

«ጠሩኝ!» አለ ለማርሊስ፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተመላለሰ ጓንቱን ሲፈልግ። «አየሽ? ጠሩኝ።»

ለሁሉም የሚበቃ የቋሊማ ሳንድዊች አሠርቶ፣ ጎጆውን ከፒክአፑ ኋላ አስሮ ሲሄድ በመስኮት አየሁት፤ ጡሩምባውን ነፋልኝ። እዚያም ደርሶ ጎጆውን አቆመ። ቀጥሎ መሰርሰሪያውን አንሥቶ ለራሱ ቀዳዳ አወጣ። ለዱዌን አወጣ። ለካል አወጣ። ሲመጡ እንዳይደክሙ ለሌሎቹም አወጣ። ጨርሶ ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበትና ወደ ዳር ወደ ዳር ያይ ጀመር።

ዱዌን ሱቅ መስኮት ላይ ሩቁን የምታቀርብ የአደን መነጽር አለች፤ ስልኩን በሷ ላይ ገጥሞ ፎቶ አነሣው። ኦሪን እስኪመሽ ጠበቃቸው። ሳንድዊቾቹን እንደተጠቀለሉ ይዞ ተመለሰ።

በቀጣዩ ዓርብ ወደ ባሩ ሲገባ ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ፎቶው በትልቁ ታትሞ ከጠርሙሶቹ በላይ ተሰቅሏል፤ በረዶው መሀል፣ በቀዳዳዎች ተከቦ፣ ባልዲው ላይ የተቀመጠ ሰው። ከሥሩ «እንግዳ ተቀባዩ» ተብሎ ተጽፏል። ኦሪን ፊት ለፊቱ ቆሞ ብዙ አየው።

«ለኛም ቆፍረህልናል አሉ!» አለ ዱዌን፤ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ። «የኔ የትኛው ነው?»

«ሰፊው» አለ ኦሪን። «አፍህ እንዲያልፍ ብዬ ነው።»

ባሩ አበደ። ኦሪንም አብሮ ሳቀ፤ ለሁሉም ቢራ አስቀድቶ፣ የራሱን ሳይነካው ወጣ። ቤት ሲገባ ራት አልበላም። ማርሊስ ምን ሆንክ ብትለው «ምንም። ቀልድ ነው» አላት። ቆይቶ ደግሞ፣ ምንም ሳትጠይቀው፣ «ካል ነው እኮ የጻፈልኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ጎጆውን ከምሥራቁ ጫፍ አላነሣም። እልህ ያዘው። ከሥራ ሲወጣ ብቻውን እዚያ ይሄዳል፣ ብቻውን ይቀመጣል። የሚገርመው ዓሣ ማውጣት ጀመረ፤ ያውም ሸጋ ሸጋውን። ለማንም አላወራም። አንድ ቀን በራፌ ላይ በፌስታል የታሰረ፣ ተገፎ የጸዳ ዓሣ አንጠልጥሎልኝ ሄደ። «ለባሩ ሰዎች አትንገር» አለኝ።

የመጋቢት መጀመሪያ ሞቃት ሆነ። ጣሪያው ይንጠባጠብ ጀመር፤ ወንዙም ከሥር ነቃ። ጎጆዎች ከሐይቁ ላይ የሚነሡበት ቀን ስለደረሰ ሁሉም የየራሱን ሊጎትት ተዘጋጅቷል። ዱዌን በዋዜማው በእግሩ እስከ ምሥራቁ ጫፍ ሄዶ በረዶው ጠቁሮ፣ ሳስቶ አየና ግሩፑ ላይ ጻፈ፤ ወደዚያ ማንም መኪና እንዳይነዳ።

«የአረንጓዴው ጎጆ እዚያ አይደል?» አለ አንዱ። «ማን ይንገረው?»

«ዓሣዎቹ ይነግሩታል» ብሎ ዱዌን መለሰ።

ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። ካልም ከሳቁት አንዱ ነበር። ጣቱ ከልቡ ቀድማ ነካችው፤ እንዲህ ነው ያለኝ። ማለዳ ሲነሣ ግን ነገሩ ከነከነው። ሊደውል ስልኩን አነሣ። ከፎቶው ወዲህ ከኦሪን ጋር ለብቻ ተነጋግረው አያውቁም፤ ድምፁን መስማት አፈረ። ጻፈ። «ኦሪን፣ ምሥራቁ ጫፍ ላይ በረዶው ከሥር ተበልቷል። መኪና ይዘህ አትግባ። የምሬን ነው።» ላከና ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጋዙን ሊያዞር ወጣ።

ኦሪንና ማርሊስ ቁርስ ላይ ነበሩ። ስልኩ ጮኸ። ኦሪን መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው። ካነበበ በኋላ ሳቀ፤ ማርሊስ እንደምትለው የዚያን ሳምንት ከልቡ ሲስቅ ያየችው ያኔ ብቻ ነው።

«አሁን ደግሞ በረዶው ሳሳ አሉኝ» አለ። «የምሬን ነው ይላል፣ እንዳለፈው። ጎጆዬን ትቼ ዳር ቆሜ ስንቀጠቀጥ ፎቶ ሊያነሡኝ ነው።»

«እውነት ቢሆንስ? ደውልለት።»

«ልደውልና ሱቅ ተሰብስበው ሲንከተከቱ ልስማ?» ካፖርቱን አነሣ። «ትናንት ቆሜበታለሁ። ሁለተኛ አይሸውዱኝም።»

«ኦሪን፣ እባክህ።»

«ለምሳ እደርሳለሁ።»

አናቷን ሳማት። ፒክአፑ ሲወጣ እኔም ሰማሁት።

ጎጆው ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው በረዶው የከዳው። ወንዙ ዳር ውሻውን ይዞ የወጣ አንድ ሽማግሌ አየ፤ የመኪናዋ አፍንጫ ቀድማ ገባች፣ ኋላዋ ቀና አለ፣ ሁሉም ነገር ጠፋ፤ ጩኸት እንኳ አልሰማሁም አለ። ጠላቂዎች ከሰዓት በኋላ አወጡት። በሩን ከፍቶ ነበር፤ ካፖርቱ የመቀመጫው ቀበቶ ላይ ተጠምጥሞ ይዞት ነው የቀረው።

ከቀብሩ በኋላ እንደ ደንባችን ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ ተበላ። እኔ ወጥ ቤት ሳህን እያቀበልኩ ነበር፤ በመስኮቱ ሁሉም ይታየኛል። የሐይቁ ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ ከረባታቸው አንቋቸው፣ ዳቦ በአሳማ ሥጋ እየጎረሱ ነው። ዝም ማለት የማይሆንለት ዱዌን ጀመረ።

«ያ የተረገመ ስልክ!» አለ። «ስንቴ ነገርነው? ቀይር ብለን ለመንነው። ይኸው፤ ካል በሰዓቱ ጽፎለታል። አልደረሰውም!»

«አልደረሰው ይሆናል» አለ ካል። ዓይኑ ደም መስሏል። «አረንጓዴ ላይ ደረሰ አልደረሰ ብሎ አይነግርህም። ሰማያዊ ቢሆን አውቅ ነበር። ደውዬ...»

«አንተ የምትችለውን አድርገሃል!» አለ ዱዌን፤ ትከሻውን እየመታ። «ስልኩ ነው የገደለው።»

ዙሪያውን ያለ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ስልኩ ነው፤ አዎ፣ ስልኩ ነው። የሁሉም ፊት ለቀቅ ማለት ሲጀምር አየሁ። አንዱማ ኦሪን ሳንድዊች ይወድ እንደነበር አነሣና ፈገግ አሉ።

ማርሊስ ከኋላቸው ቆማ ነበር። የኬክ ትሪ ይዛ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ስታዞር ነው እዚያ የደረሰችው። ትሪውን መሀላቸው አስቀመጠች።

«ደርሶታል» አለች።

ሁሉም ቀና አሉ።

«ምን አልሽ?» አለ ዱዌን።

«መልእክቱ። ቁርስ ላይ ደረሰው። ጮክ ብሎ አነበበልኝ።»

«ታዲያ... አንብቦ ለምን ገባ?»

«ሳቀ። አሁን ደግሞ በረዶው ሳሳ አሉኝ አለ። ፎቶ ሊያነሡኝ ነው አለ።» ወደ ካል ዞረች። «የምሬን ነው ብለህ ነበር። እሱንም አነበበልኝ። በጣም ያሳቀው እሱ ነው።»

ካል የያዘው ዳቦ ከእጁ ወደቀ። አላነሣውም።  ተነሥቶ ካፖርቱን ሳይለብስ በደረጃው ወጣ። ሚስቱ ተከተለችው።

ዱዌንን ነበር እኔ የማየው። መጀመሪያ ቀላ። ጠረጴዛውን አየ። ቀጥሎ የሆነ ሐሳብ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲመጣ አየሁ፤ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እንግዲህ ማርሊስ» አለ፤ ድምፁን አለስልሶ። «ካነበበማ... ካነበበማ ምን ይደረግ? ተነግሮታል ማለት ነው። አዋቂ ሰው ነው።»

ሌሎቹ ከእሱ ፊት ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እሱ አዩ።  ዱዌን እጁን ዘርግቶ ከትሪው ኬክ አነሣ።

ማርሊስ እስኪጎርስ ጠበቀችው። «ጣፈጠህ?» አለችው። እሱም ምን እንደሚመልስ ግራ ገብቶት ራሱን ነቀነቀ። «በል ብላ» አለችና ወደ ወጥ ቤት መጣች። እቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ ቧንቧውን ከፈተች። ሳህን አልነበራትም፤ እጇን ብቻ ውሃው ሥር ይዛ ቆመች። ልዘጋው ስል «ተወው» አለችኝ።

ባለ ባሩ ለቀብሩ ሳምንት ፎቶውን አውርዶት ነበር። ዱዌን መልሶ ሰቀለው። ለመታሰቢያ ነው አለ፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ግን አልነካውም። እስካሁን እዚያው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለቱ ስልኮች እንደ መታረቅ አሉ፤ አሁን ፎቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ጥርት ብሎ ያልፋል፣ የሳቁም ምልክት ምልክት ሆኖ ይደርሳል። ቀለሙ ግን ያው አረንጓዴ ነው። ባለፈው ዓመት ወደ ከተማችን የመጣው አዲሱ የፖስታ ሠራተኛ አንድሮይድ ይዟል፤ ምን እያሉ እንደሚጠሩት መናገር አያስፈልገኝም።

ካል ግሩፑን ትቷል። ጎጆውን ሸጦ ሐይቁ ላይ መውጣት አቁሟል። የዚያን ዓመት በጋ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሣር ማጨጃውን እየገፋ ወደ ማርሊስ ግቢ ገባና በሩን አንኳኳ። አልከፈተችም። ቆሞ ቆሞ፣ ሣሩን ማጨድ ጀመረ። ጨርሶ ጠርዙን በመቀስ አስተካክሎ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ። በየበጋው ይመጣል፤ ሲጨርስ ሁልጊዜ ያንኳኳል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ይሄዳል። እሷ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብላ ነው የምትሰማው። አንድ ቀን አብሬያት ሆኜ «አንዴ እንኳ ብታናግሪው ምናለበት?» አልኳት።

«ሣሩን አጨደው አይደል?» አለች። «ምን ቀረው?»